የሱሃ ቁልቁለት ዋስ

መንጃ ፈቃዴን ያገኘሁት ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሣር የበቀለበት አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ፈታኙ አንዲት ሚጢጢ ፊያት ውስጥ አስገባኝና «ዙር» አለኝ፤ ዞርሁ። «ወደ ኋላ ሂድ» አለኝ፤ ሄድሁ። «አቁም» አለኝ፤ አቆምሁ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሹፌር ሆነሃል» አለኝ። አብሮኝ የሄደው ባልንጀራዬም እንደዚሁ ዞሮ እንደዚሁ ሹፌር ሆነ። ያ ሜዳ ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ መኪናዋም ከእኔና ከፈታኙ በቀር የተሸከመችው ነገር አልነበረም። ቢቸና ስንመለስ የሚጠብቀን ግን ጎማው ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ ስንት እጅ ዞሮ የመጣ፣ ያረጀ የጭነት መኪና ነበር።

የመኪናው ባለቤት የክርስትና አባቴ ናቸው። ቢቸና ገበያ ላይ ሱቅ ነበራቸው፤ እህል ወደ ደጀን ያወጣሉ፣ ከዚያ ጨውና ቆርቆሮ አምጥተው እስከ ሞጣ ያከፋፍላሉ። አባቴ ገና እኔ ሳልጠና ስለሞተ በየበዓሉ ለእናቴ ሙክት የሚልኩላት፣ እኔንም ከሥራ ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ክፉ ሊያስመስላቸው ይችላልና። እንደ ብዙ ደግ ሰዎች፣ እርሳቸው ያሰቡት ነገር ይበላሻል ብሎ ማመን አይሆንላቸውም ነበር።

እናቴ ደግሞ ተስላ ነበር። «ልጄ ሹፌር ከሆነልኝ ለሞጣ ጊዮርጊስ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ። ጃንጥላው ቀይ ከፈይ ነው፣ ዳርዳሩ ወርቃማ ዘርፍ አለው። በጥሩ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቤታችን ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ከረመ፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ይፈታል፣ ይታያል፣ ይጠቀለላል። የጥር ጊዮርጊስ ሲደርስ በልጇ መኪና ሞጣ እንደምትገባ ያልነገረችው የቢቸና ሰው ቢኖር ለእንግድነት የመጣ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሹፌር ከመባሌ በፊት የዚያው መኪና ረዳት ነበርሁ። በእኛ መንገድ የረዳት ዋና ሥራው ታኮ መያዝ ነው። ታኮ ከወይራ የተጠረበ ከባድ ሽብልቅ ነው። ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ የሱሃ ወንዝ ቁልቁለት ላይ ሲደረስ ረዳቱ ይወርድና ታኮውን ታቅፎ ከመኪናው ጎን ጎን ይሮጣል። ሹፌሩ ፍሬኑ የደከመበት ሲመስለው የጋቢናውን በር ከውጭ በመዳፉ ይደበድባል። ያን ጊዜ ታኮውን ጎማው ፊት መወርወር፣ እጅንም ቶሎ መሰብሰብ ነው። መኪናው ታኮው ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ከዚያ ጉዞው ይቀጥላል። የሱሃን ቁልቁለት ኩርባውንም ድንጋዩንም አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሩጫ ሳላውቀው ብቀር ነበር የሚገርመው። ነገር ግን የማውቀው ከጎማው ጎን ሆኜ ነው። መሪ ጨብጬ አንድም ቀን አላየሁትም።

መኪናውን ይነዱ የነበሩት ሽማግሌው ሹፌር ናቸው፤ እኛ «ጋሼ» እንላቸዋለን። ታኅሣሥ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ስንወርድ በሩን የደበደቡት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ ደብድበው አያውቁም፤ ታኮ የሚያስፈልገን ገና ወደ ታች፣ ድልድዩ ሲቃረብ ነበር። ታኮውን ከጣልሁ በኋላ ቀና ብዬ ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። ቢቸና እንደተመለስን ለክርስትና አባቴ «ፍሬኑ ተከፍቶ ይታይ» አሏቸው። «ከጊዮርጊስ በኋላ ይከፈታል» አሉ የክርስትና አባቴ። በሳምንቱ የጋሼ ጉልበት አብጦ ከአልጋ ዋሉ፤ ቁልፉም ወደ እኔ መጣ።

የመሄጃችን ቀን ጠዋት መኪናው ገበያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ከታች ጨው፣ ከጨው ላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው ላይ ሸራ፣ ከሸራው ላይ ነጭ የለበሰ ሰው። እናቴን ጋቢና ግቢ ቢሏት እምቢ ብላ ከላይ መሀል ላይ ተቀምጣለች፤ ጋቢና ውስጥ ማን ያያታል? ጃንጥላዋን ታቅፋ እየሳቀች ነው። እኔ ገብቼ ከመሪው ኋላ ተቀመጥሁና ሞተሩን አስነሥቼ ፍሬኑን ረገጥሁት። እግሬ ሊጥ የረገጠ መሰለኝ፤ እስከ ወለሉ ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ያዝ አደረገ። እንደገና ትንሽ ቆይቼ ሞከርሁት፤ አሁንም ወረደ። ሞተሩን አጠፋሁና ወረድሁ።

«ጌታዬ፣ ይህ መኪና ዛሬ አይሄድም» አልኋቸው የክርስትና አባቴን።

«ምን ሆነና?»

«ፍሬኑ ልክ አይደለም። ልክ ቢሆንም እኔ ጭነት ይዤ ቁልቁለት ወርጄ አላውቅም። በመጀመሪያ ይጠገን፤ ከዚያ ባዶውን፣ ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ያስተምሩኝ። ያን ጊዜ የፈለጉትን እጭናለሁ።»

«ታዲያ መንጃ ፈቃድ ያወጣኸው ለምንድን ነው? ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው ነው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ሰው ሳቀ።

«ፈቃዱን የሰጡኝ ሜዳ ላይ ነው» አልሁ። «ሱሃ ሜዳ አይደለም።»

አላውቅም ማለት ያን ጊዜ ለሹፌር ሱሪውን ማውለቅ ማለት ነው። ሹፌር ያውቃል። ካላወቀም እየሄደ ያውቃል። ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ፣ መኪናው በገዛ ክብደቱ እንዲንደረደር የሚተው ሹፌር «ናፍታ ቆጣቢ» ተብሎ የሚመሰገንበት ዘመን ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አስተምሩኝ» ስል ሌላ የሠራሁት ወንጀል ያለ ይመስል ይመለከቱኝ ጀመር።

የክርስትና አባቴ ወደ ባልንጀራዬ ዞሩ። «አንተስ? አንተም ትምህርት ቤት ልክፈትልህ?»

ባልንጀራዬ ሰዉን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። «እሄዳለሁ» አለ ቀስ ብሎ፤ ወጥቶም ጋቢና ገባ።

ከላይ የእናቴ ድምፅ መጣ። «ምነው ልጄ! ያቋቋሙህን ሰው በአደባባይ ታዋርዳለህ?»

«እማዬ፣ ውረጂ።»

«አልወርድም። ስለት አለብኝ።»

«እማዬ፣ እባክሽ ውረጂ!»

«ኧረ ወዲያ! ሰው ይሰማሃል» አለችና ፊቷን አዞረችብኝ። ሞተሩ ተነሣ። ያን ጊዜ ያሰብሁት ነገር ቢኖር ያ ፍሬን እስከ ወለሉ ሲወርድ ባልንጀራዬ በሩን በመዳፉ እንደሚደበድብና ጎማው ፊት ታኮ የሚጥል እንደማይኖር ብቻ ነው፤ ረዳቱ ከዚህ በፊት እኔ ነበርሁ፤ በእኔ ቦታ ገና ሰው አልተቀጠረም። ታኮውን ከጋቢናው ኋላ ጎትቼ ከፊት ጎማው ሥር ወሸቅሁና ፊት ለፊት ቆምሁ።

«በንጉሥ አምላክ! ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ!»

የዛሬ ሰው ይህ ቃል ምን እንደነበር ላያውቅ ይችላል። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ጌታም ይሁን ሎሌ እግሩን አያነሣም። ነገሩን ለዳኛ ሳያሰማ አንድ እርምጃ ቢራመድ ወንጀለኛ ነው። ዳኛ ከሌለ ደግሞ መንገደኛ ሽማግሌ ዳኛ ይደረጋል፤ እዚያው መንገድ ላይ ይቆማል፣ እዚያው ይሟገታሉ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ባልንጀራዬ ሞተሩን አጠፋው። የክርስትና አባቴ ከዘራቸውን እንዳነሡ ደርቀው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደነገጥሁ፤ የክርስትና አባት ላይ በንጉሥ አምላክ የሚል ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ዳኛ ለማግኘት አልተቸገርንም። አንድ ሸምገል ያሉ ጭቃ ሹም በበቅሎ ወደ ገበያ ሲመጡ ሰዉ ልጓማቸውን ይዞ «ዳኝነት ይስጡን» አላቸው። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ አገዳ የሚያህል ዘንጋቸውን አንገታቸው ላይ አጋድመው «ተናገሩ» አሉ።

ነጠላዬን አደግድጌ ተናገርሁ። ታኮውን በፊት ድልድዩ አጠገብ፣ አሁን የመጀመሪያው ኩርባ ላይ እንደጣልሁ ተናገርሁ። የዛሬውን የፍሬኑን ነገር ተናገርሁ። ሁለታችንም ሜዳ ላይ ዞረን እንደመጣን፣ ይህን መኪና ጭነት ይዞ ወደ ታች መንዳት ማንም እንዳላስተማረን ተናገርሁ። የክርስትና አባቴ በተራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡበት። እንዴት ያለ ሙግት! ክርስትና እንዳነሡኝ፣ መኪናው ባለፈው ወር ሞጣ ደርሶ እንደመጣ፣ ጊዮርጊስ ስለት ያለበትን ሰው መንገድ ላይ እንደማይጥል፣ ልጅ ፈርቶ ሥራ ቢቆም አገር እንደማይቀና እያዋዙ ሲናገሩ እኔ ራሴ ልረታ ምንም አልቀረኝም።

ጭቃ ሹሙ ጺማቸውን ዳበሱ።

«እኔ መኪና አላውቅም። ተሳፍሬም አላውቅ፤ እግዜር ቢል አልሳፈርም» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። «እኔ የማውቀው ዋስ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በደህና ሞጣ ለመግባቱ ዋስ ይጥሩ። ዋስ ከጠሩ መኪናው ይሂድ፤ ልጁም በንጉሥ ስም በከንቱ ስላቆመው ይቀጣል።»

የክርስትና አባቴ ፊታቸው በራ። ዋስ ማጣት ለእርሳቸው? ቢቸና ውስጥ በእርሳቸው ነገር «እኔ ዋስ!» ለማለት ሰው ይገፋፋ ነበር። ወደ ጎረቤታቸው ባለሱቅ ዞሩ። ባለሱቁ የሸሚዙን ቁልፍ መፈለግ ያዘ። ወደ ቆዳ ነጋዴው ዞሩ። ቆዳ ነጋዴው «ለበሬም ቢሆን ለመሬትም ቢሆን… ይህ ግን የሰው ነፍስ ነው» ብሎ ወደ ኋላ አለ። ሌላ ሰው አሳለው። ሰዉ መኪናውን ገና አሁን ያየው ይመስል ከጎማው እስከ ጫፉ ያየው ጀመር።

ያን ጊዜ የክርስትና አባቴ ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«አበልጄ! አንቺ ዋስ ትሆኚኛለሽ። ይኸው ተቀምጠሽበት የለ?»

ሁሉም ቀና አለ። እናቴ ተነሣች። ሸራው ላይ ቆማ ጃንጥላውን ደረቷ ላይ እንዳጣበቀች መጀመሪያ እርሳቸውን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። ዋስ ከሆነች መኪናው ይሄዳል፤ እርሷም አብራ ትሄዳለች።

«አበልጄ» አለች፣ «በሬ ሰረቁ ቢሉዎ እዋስዎታለሁ። ሰው ገደሉ ቢሉዎ እዋስዎታለሁ። ባሌን የቀበሩልኝ፣ ልጄን ያሳደጉልኝ አንቱ ነዎት። ለዚህ መኪና ግን ሊነዳው የነበረው ልጄ ዋስ አልሆንም ካለ እኔ በየት አፌ እሆናለሁ?»

ከዚያ ጎንበስ አለችና ጃንጥላውን ቁልቁል ዘረጋችልኝ። «ያዝልኝ፣ ልወርድ ነው።»

ጃንጥላውን ተቀበልሁ፤ ከዚያ እጇን ተቀበልሁ። ከእርሷ ኋላ አንዲት ሴት ወረደች፣ ከዚያ ካህን ወረዱ፣ ከዚያ ሁሉም። ባልንጀራዬ ከጋቢናው ሲወርድ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ አለፈ።

«ዋስ ያጣ ነገር አይነሣም» አሉ ጭቃ ሹሙ። «መኪናው ይታይ። ልጆቹ ይማሩ። ሽማግሌው ሹፌር በቃችሁ እስኪላቸው ሰው አይጫንም።» በቅሏቸውን ወደ ገበያው መለሱ።

ሰው ያመሰገነኝ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በዓሉ አመለጠን ብለው ሲረግሙኝ ዋሉ። እናቴ ስንቋን ተሸክማ፣ ጃንጥላውን ትከሻዋ ላይ አጋድማ ከእግረኞች ጋር ተነሣች። «ልሸኝሽ» ስላት «ስለቱ የእኔ ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ሞጣ ስትደርስ ታቦቱ ገብቶ፣ ሰውም ተበትኖ ነበር። ጃንጥላውን ባዶ ቅጽር ውስጥ ለአንድ ዲያቆን አስረክባ እግሯ ተላልጦ ተመለሰች። እግሯን ሳጥብ አለቀስሁ። ስለቷን እልል እያለች ልታስገባ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ ከርማ በእኔ ምክንያት ቀረባት፤ አዘንሁላት። ግን ያ ጠዋት ቢመለስ ያንኑ አደርግ ነበር፤ ይህንንም ነገርኋት። «አውቃለሁ» አለች።

መካኒክ ከደብረ ማርቆስ መጣ። ጎማውን አውልቆ ታምቡሩን፣ ፍሬኑ ያለበትን ክብ ብረት፣ ሲከፍት ጎማውን የሚይዘው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ከብረት ይፋተግ ነበር። የክርስትና አባቴ አጠገቡ ቆመው «እና ሱሃን አይወርድም ነበር?» ብለው ጠየቁት። መካኒኩ እጁን እየጠረገ «ሊወርድም ይችል ነበር» አለ።

«ይኸው!» አሉኝ።

«ጌታዬ» አልኋቸው፣ «ይችል ነበር ብዬ ሰው አልጭንም።»

ለብዙ ጊዜ አላናገሩኝም። ግን ጋሼን በበቅሎ አስጭነው ያመጧቸው ራሳቸው ናቸው።

ጋሼን ተሸክመን ጋቢና አስገባናቸው። የታመመ እግራቸውን ጨው ከረጢት ላይ ሰቀሉና ትምህርቱ ተጀመረ። ሱሃ አፋፍ ላይ ስንደርስ እኔን ከመሪው ኋላ አስቀምጠው ባልንጀራዬን ታኮ አሸከሙት። በማግስቱ እርሱ ይነዳል፣ እኔ ታኮ ይዤ እሮጣለሁ። «ጎማው አጠገብ የማን እጅ እንዳለ እያወቅህ ንዳ» ይሉን ነበር። መጀመሪያ ባዶውን፣ በዳገት በሚወጣበት ማርሽ፣ በእግር የሚሄድ ሰው እየቀደመን። በፎሌ መልቀቅ ተከለከለ። አንድ ቀን ባልንጀራዬ ከልማድ ማርሹን ቢያወጣ ጋሼ በከዘራቸው ጉልበቱን አሉት፤ መንገዱን ሁሉ ሲሰድቡት ወረድን። ቀጥሎ ድንጋይ ጫንን። ቁልቁለቱ መሀል አቁሙ ይሉናል፣ እናቆማለን፤ ተነሡ ይሉናል፣ እንነሣለን። ኩርባው ላይ ወደ ኋላ መመለስ አስተማሩን። ፍሬን ሲሞቅ የሚሸተውን ሽታ አስተማሩን። ከቢቸና ገበያ የሚመለስ ገበሬ ቆሞ ያየንና «ዛሬም አልተማራችሁም?» ብሎ ይስቅብናል። እንስቃለን፣ እንቀጥላለን። ጾሙ ገባ፣ ጾሙ ተፈታ። ከሱቃቸው ጨውና ቆርቆሮ በአህያ ወደ ሞጣ እየሄደ የክርስትና አባቴ ፊት እንደከበደ ቆየ፤ እኔም «ይበቃኛል» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሙሉ ጭነት ይዘን ሱሃን ወርደን ማዶውን እንደወጣን ጋሼ ታኮውን አስመጥተው ዐዩት። ጎማ ሳይነካው የተመለሰ ታኮ ነው። «በቃችሁ» አሉ። ዐይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ለበዓሉ መኪናው እንደገና ገበያው ጫፍ ላይ ቆመ። ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ሸራ። ሰው ግን አልወጣም። ነጭ ለብሶ፣ ስንቅ ይዞ ዙሪያውን ቆሞ ያያል። ሁሉም ሌላው እስኪቀድም ይጠብቃል። የክርስትና አባቴ ካባቸውን ደርበው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ከጥር ወዲህ በሰው ፊት አናግረውኝ አያውቁም።

«እህስ» አሉ ሁሉም እንዲሰማ፣ «የዛሬውስ ዋስ ማነው?»

አፌን ስከፍት ከሰዉ መሀል እየተጋፋች መጣች። የተላለጠ እግሯ ድኖ ጠባሳው ነጣ ነጣ ብሏል። ስንቋን ለእኔ ወረወረችና አንድ እግሯን ጎማው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኛ» አለች እናቴ። «አበልጄ፣ ምን ያያሉ? እስቲ ደግፉኝ።»

የክርስትና አባቴ ከዘራቸውን ለእኔ አስያዙኝ፤ በሁለት እጃቸው ደግፈው አወጧት፤ ከዚያም እርሳቸው ራሳቸው ተከትለዋት ወጡ።